በደሴና በኮምቦልቻ ቢራቢሮና የእሳት እራት መሰብሰብና ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነፍሳትን የማጠናው በትርፍ ጊዜዬ ነው፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። መረብ ይዤ ወይም ማታ ነጭ አንሶላ ዘርግቼ የሚያዩኝ ጎረቤቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። መልሶቹ የተጻፉት እዚሁ አካባቢ ሆኖ በእጁ ባለው ዕቃ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ለዚህ ሥራ ሩቅ ደን መሄድ የለብኝም? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምን ይገኛል?

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ። የሚለያያቸው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ዳገት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ኮት የሚያስወልቀው ሙቀት ለነፍሳቱም ትልቅ ለውጥ ነው። ከፍታው በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጨምራል፤ አባጨጓሬም በሙቀት ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ክንፍ አውጥታ የምትበር ዝርያ ደሴ ላይ ገና ቅጠል እየበላች ልትገኝ ትችላለች። ደጋውን የማይለቁ አሉ፣ ሐረጎን የማይወጡ አሉ፣ በሁለቱም ቦታ የሚኖሩም አሉ። የትኛዋ ዝርያ እስከ የት እንደምትወጣ በሚኒባስ እየተመላለሱ መከታተል መቻል ትልቅ ዕድል ነው፤ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰብሳቢ ይህን አያገኝም።

ቦታዎቹን በተመለከተ፣ ከደሴ በኩል የጦሳ ተራራ ግርጌና ገራዶ፣ በመካከል ጥድና ወይራ ያለበት የየጎፍ ደን፣ ከኮምቦልቻ በኩል የቦርከና ወንዝ ዳርቻና ወደ ሐርቡ የሚወርደው ቁጥቋጦ፣ በሰሜን ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሐይቅ ዳርቻ ይጎብኙ። ባሕር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ኮረብታ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ። የአገር ቁጥቋጦ የቀረባት ትንሽ ሸለቆ የበለጠ ታሳያለች። ወንዝ ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው የሚጠጡ ቢራቢሮዎች ካዩ ቀስ ብለው ይቅረቡ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ የሚፈልጉትም ጨው ነው።

የእሳት እራት ከቢራቢሮ በምን ትለያለች?

አንቴናዋን ይዩ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ያብጣል፤ የእሳት እራት አንቴና ወይ እስከ ጫፉ ቀጭን ነው ወይ ላባ ይመስላል። ሌሎቹ ምልክቶች (ቀን መብረር፣ ክንፍ አጥፎ ማረፍ፣ የቀለም ድምቀት) ልዩነት የሚበዛባቸው ናቸው። ቀን የሚበሩ፣ ቀለማቸው እጅግ የደመቀ የእሳት እራቶች አሉ።

በዓለም ላይ በስም ከታወቁት ወደ 160,000 የሚጠጉ የሁለቱም ዝርያዎች ውስጥ ቢራቢሮ የሚባሉት 18,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ቢራቢሮ ብቻ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ነገር እየተወ ነው ማለት ነው። ጀማሪዎች ማታውን እንዳይንቁት አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከአባጨጓሬ ይጀምሩ። ክንፍ ያላትን ማሳደድ ደስ ይላል፤ ትምህርቱ ያለው ግን ቅጠሉ ላይ ነው። አንዲት እናት ቢራቢሮ እንቁላሏን ባገኘችው ተክል ላይ ሁሉ አትጥልም፤ እጯ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ) ሊበላው የሚችለውን ተክል ለይታ ነው የምትጥለው። ተክሉን ያወቀ ሰው ቢራቢሮዋንም ያገኛታል።

ግቢዎ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ቅጠሉን ያገላብጡ። ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የምትባለው ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ የምታድገው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ሳለች የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ወፍም ኩስ መስላት ታልፋታለች። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። ያኔ በጣት ነካ ቢያደርጓት ከራሷ ኋላ ሁለት ቀንድ ያለው ቀይ ብርቱካናማ ሥጋ አውጥታ ኃይለኛ ሽታ ትለቃለች። ጉንዳንንና ተርብን የምትከላከለው በዚህ ነው፤ ሰው ላይ ጉዳት የለውም።

ደጋ ላይ ጎመን ካለዎት ነጭ ቢራቢሮዎችን ይከታተሉ። ፒየሪስ ብራሲኮይደስ የምትባለዋ በኢትዮጵያ ደጋና በሰሜን ታንዛኒያ ከፍተኛ ቦታዎች የምትኖር ናት፤ ከዚህ ክልል ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ሊያዩዋት የሚመኟት ቢራቢሮ ከጓሮ ጎመን ላይ ልትነሳ ትችላለች። ሳማ ካለ አይንቀሉት፤ ቫኔሳ አቢሲኒካ የምታድገው በሳማና በዘመዶቹ ላይ ነው። ማገጥ በበቀለበት ሣር ላይ ቢጫ ብርቱካናማ ሆና በፍጥነት የምታልፈው ኮሊያስ ኤሌክቶ ናት፤ የኢትዮጵያዋ ንዑስ ዝርያ ሜኔሊኪ ተብላ በምኒልክ ስም ተሰይማለች። ከኮምቦልቻ ወደታች ደግሞ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰውን ጦቢያ ይፈልጉ። ቡናማ ብርቱካናማዋ ዳናውስ ክሪሲፐስ እጯን የምታሳድገው በዚህ ዓይነት ወተታም ተክል ላይ ነው፤ መርዙንም ወርሳ ወፍ እንዳይበላት ትጠቀምበታለች። መርዝ የሌላት የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት የእሷን መልክ ይዛ ትበራለች። የኋላ ክንፋቸውን ያነጻጽሩ፦ መርዛማዋ መሐል ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥብ አላት፤ አስመሳይዋ ግን ከፊት ጠርዙ አጠገብ አንድ ብቻ።

ለማሳደግ አፉ ተቆርጦ በስስ ጨርቅ የተሸፈነ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ካገኙበት ተክል ትኩስ ቅጠል በየቀኑ ይስጡ፣ ኩሷን ይጥረጉ፣ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡ። መብላት ስታቆም ፑፓ ሆና ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች፤ ያኔ የምትንጠለጠልበት እንጨት ያስፈልጋታል። አንዳንዴ ቢራቢሮ ስትጠብቁ ትናንሽ ተርቦች ይወጣሉ። አይጣሏቸው፤ የትኛው ተርብ የትኛውን አባጨጓሬ እንደሚበላ የሚያሳይ መረጃ ናቸው፣ ብዙም ሰው አይመዘግበውም። ፀጉራም አባጨጓሬን በባዶ እጅ አይንኩ።

መረብ የት ይሸጣል?

ይሥሩት። ወፍራም ሽቦ ክብ አድርገው ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ ላይ ይሰሩ፤ ከረጢቱን ለሙሽራ ቬሎ ከሚሆነው ስስ ጨርቅ ያሰፉ። የከረጢቱ ጥልቀት የክቡን ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቢራቢሮዋ ከገባች በኋላ አፉን ማጠፍ አይቻልም። ለወባ መከላከያ የሚታደለውን አጎበር አይጠቀሙ። አንደኛ የተሰጠው ሰው እንዲተኛበት ነው፤ ሁለተኛ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ አይተው የለቀቋት ቢራቢሮ ሄዳ ትሞታለች።

ማታ እንዴት ይሰበሰባል? መብራቱስ ለምን ይስባቸዋል?

ነጭ አንሶላ በገመድ ላይ ይስቀሉ፣ ከፊቱ አምፖል ያብሩ፣ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁ። ሐምራዊ የሚያበራ የዩቪ አምፖል ከተራው ይበልጣል፤ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ኤልኢዲም ይበቃል። ጨረቃ የሌለችበት፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለበት፣ ደመና ያጠላበት ምሽት ከሁሉም ይሻላል። ሰፈሩ መብራት የጠፋበት ማታ የእርስዎ መብራት ተወዳዳሪ ስለሌለው ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ወደ መብራት የማይመጡ ዝርያዎችም አሉ። ለእነሱ ከጠላ አተላ፣ በጣም ከበሰለ ሙዝና ከስኳር የተሠራ ማጥመጃ ሲመሽ የዛፍ ግንድ ላይ ይቀቡ። ጠላ በማይገባበት ቤት ሙዝና ስኳር በፀሐይ ተብላልቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የመሳቡን ምክንያት በተመለከተ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ እንዳሳየው፣ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። በተፈጥሮ ብርሃን ያለው ከላይ ከሰማይ ስለሆነ ይህ ቀጥ ብለው እንዲበሩ ይረዳቸዋል። አምፖል አጠገብ ግን ጀርባ ሲሰጡ በዙሪያው እየተሽከረከሩ ይቀራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከከተማ ወጥተው በማያውቁዎት ሰፈር ሌሊት መብራት አያብሩ። ጸጥታ የሚጠብቁ ሰዎች ሊደነግጡ ይችላሉ፤ መደንገጣቸውም ተገቢ ነው። የራስዎ ግቢ፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደልዎትና ጎረቤቱ የሰማበት ግቢ ይበቃል።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

መስከረምና ጥቅምት። ክረምቱ ያበቀለው ቅጠል አባጨጓሬዎቹን አሳድጓል፣ አደይ አበባም ፈክቷል። በልግ ከዘነበ ሚያዝያና ግንቦትም ጥሩ ናቸው። በበጋ ወደ ወንዝ ዳር ይውረዱ።

መግደል ግድ ነው? በስልክ ፎቶ ማንሳት አይበቃም?

ለብዙዎቹ ቢራቢሮዎች ፎቶ ይበቃል፤ የላይኛውንና የታችኛውን የክንፍ ገጽ ሁለቱንም ያንሱ። ለልጆችም ፎቶና ማሳደግ ይበቃቸዋል ባይ ነኝ። ትናንሽ የእሳት እራቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚለዩት የሆድን ጫፍ በማይክሮስኮፕ በማየት ነው፤ ያለ ናሙና ስማቸው አይረጋገጥም። ከአንድ ቦታ አንድ ወንድና አንድ ሴት ይውሰዱ፣ የቀሩትን ይልቀቁ። ለመደርደር ብቻ ብሎ ደርዘን መግደል ልክ አይደለም።

ሲገድሉም ሳያሠቃዩ ይሁን። በትንሽ ዕቃ ዘግቶ የፍሪጅ በረዶ ክፍል ውስጥ ማሳደር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ትልልቆቹን ሁለት ቀን ያቆዩ። ኤቲል አሴቴት የሚጠቀሙ ሰብሳቢዎች አሉ፤ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለሆነ ከልጆችና ከምድጃ ይራቅ። ፍሊት አይንፉ፤ ክንፉን ያረጥባል፣ ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።

እንዴት ወጥሬ ላድርቅ?

ሳትደርቅ በፊት በደረቷ መሐል ቀጭን ስፒል ይትከሉ። ፎም ላይ ለሰውነቷ የሚሆን ቦይ ይቁረጡ፣ ክንፎቿን በወረንጦ ግራና ቀኝ ይዘርጉ፤ የፊት ክንፍ የኋላ ጠርዝ ከሰውነቷ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት። ከዚያ በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ዳር ዳሩን በስፒል ያስይዙ። ክንፉን ራሱን አይውጉ። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ደሴ ላይ በክረምት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ።

ጊዜ ከሌለዎት ክንፏን ወደ ላይ አጥፈው ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀት ውስጥ ያስቀምጧት። ደርቃ ዓመት ብትቆይም እርጥብ ሶፍት ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ስትቆይ ትለሰልሳለች። ሻጋታ እንዳይነካት ሶፍቱ ላይ ጥቂት ዴቶል ጠብ ያድርጉ።

መለያ ወረቀት ላይ ምን ይጻፋል? ይህን ያህል ለምን ትጨነቃለህ?

ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው ይህ ስለሆነ ነው። የት፣ መቼና በማን እንደተያዘች ያልተጻፈላት ቢራቢሮ ለጥናት ምንም አትጠቅምም፣ የቱንም ያህል ብታምር። ክንፉ የተቀደደ፣ ቀለሙ የለቀቀ ናሙና ግን መለያው ሙሉ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላም ይናገራል።

በትንሽ ወረቀት፣ ውሃ በማያጠፋው ቀለም ወይም በእርሳስ፣ ይህን ይጻፉ፦ አገር፣ ዞን፣ ከተማ፣ ልዩ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም። ሁለተኛ ወረቀት ላይ ደግሞ እንዴት እንደተያዘች (በመረብ፣ በመብራት፣ ከእጭ አድጋ) እና የተገኘችበት ተክል ይስፈር። ሁለቱም በናሙናዋ ስፒል ላይ ከሥር ይሰካሉ፤ ለብቻቸው ካርቶን ውስጥ አይቀመጡም።

እኛ አገር ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቀኑ ነው። «መስከረም 10 ቀን 2017» ብለው ቢጽፉ፣ የሌላ አገር አጥኚ 2017ን በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ናሙናዋ የተያዘችው ግን በ20 ሴፕቴምበር 2024 ነው። የሰባት ዓመት ስህተት ተፈጠረ ማለት ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ያለ ቀን ቢሆን ስምንት ዓመት ይሆናል። ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ፣ አጠገባቸውም «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ይበሉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፉት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት በሌላው 20፡00 ነው። የእሳት እራቶች የሚበሩበት ሰዓት እንደየዝርያው ስለሚለያይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቦታ ስምም ያሳስባል። «የጎፍ» ብቻ ከተባለ የተራራው ጫፍ ነው ወይስ ግርጌው? የስልክዎ ጂፒኤስ ከፍታውንና መጋጠሚያውን ይነግርዎታል፤ እዚያው ሳሉ ደብተር ላይ ይገልብጡት። ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ ማለት አይሆንም።

ስብስቤን ጥቃቅን ነፍሳት በሉብኝ። ምን ላድርግ?

ሣጥኑን ከነናሙናው በፕላስቲክ ጠቅልለው ሁለት ሳምንት የፍሪጅ በረዶ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡ። ሲያወጡት ፕላስቲኩን ወዲያው አይፍቱ፤ ጠሉ ከውጭ ይቅር። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ ሣጥን ያዛውሩ። ናፍታሊን ነፍሳቱን ያርቃል፤ ሽታው ግን ለሰው ጤና ስለማይስማማ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ። ለደሴ ጉምና ለክረምቱ እርጥበት ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን የሲሊካ ከረጢት ይሰብስቡ። ለጉንዳን የመደርደሪያውን እግሮች ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ።

የክንፏ ብናኝ ዓይን ያጠፋል?

አያጠፋም። ብናኙ ክንፉን የሚሸፍነው ጥቃቅን ቅርፊት ነው፤ ቀለሙም የሚመጣው ከእሱ ነው። አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያሳክከው ይችላልና እጅ መታጠብ ይበቃል።

ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል ያለባት ትልቅ የእሳት እራት ቤት ገባች፤ ስትነካም ጮኸች። ክፉ ምልክት ናት?

አይደለችም። አኬሮንቲያ አትሮፖስ ትባላለች፤ አትናከስም፣ አትናደፍም። የምትጮኸው በምላሷ ቱቦ አየር እየሳበችና እየገፋች ነው። እጯ ከጣት የሚረዝም ሲሆን የድንችና የዘመዶቹን ቅጠል ይበላል። ትልቋ ደግሞ ማር ትወዳለች፦ ማታ ቀፎ ውስጥ ገብታ የማር እንጀራውን ወግታ ትጠጣለች። የንቦችን ሽታ የሚመስል ሽታ ስላላት ብዙ ጊዜ ሳይነድፏት ትወጣለች። ንብ አናቢ ጎረቤት ካለዎት ይጠይቁት፤ ቀፎ ውስጥ ሞታ አግኝቷት ይሆናል። እባክዎ አይርገጧት፣ በብርጭቆ ሸፍነው ወደ ውጭ ያውጧት።

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ይረባዋል?

ብዙ። ተምች የእሳት እራት እጭ ነው። አገዳ ቆርቁርም እንዲሁ፤ በቃሉ ወረዳ የማሽላ ማሳ አገዳውን ሰንጥቀው ቢያዩ ያገኙታል። ቲማቲም የሚያጠቃው ቱታ አብሶሉታም የእሳት እራት ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አፍሪካ የገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከነባሩ ተምች ለመለየት ራሱን ይዩ፦ ግንባሩ ላይ ነጣ ያለ የተገለበጠ ባላ የሚመስል መስመር አለው፤ ከጅራቱ አጠገብም አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል።

በየሳምንቱ አንድ ማታ መብራት አብርቶ የመጡትን የሚቆጥር ሰው እጩ ማሳ ላይ ከመታየቱ በፊት የእናቲቱን መምጣት ሊያይ ይችላል። ያየውን ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ወዲያው መንገር አለበት። ዝም ብሎ ደብተር ላይ ማስቀረት ተገቢ አይደለም።

የዝርያዋን ስም እንዴት ላውቅ?

ቸኩለው ስም አይስጡ። መጀመሪያ ቤተሰቧን ይለዩ፣ ከዚያ ተክሏን ይመዝግቡ፣ ፎቶዋን አይናቹራሊስት በሚባለው የእንስሳትና የተክል ፎቶ መመዝገቢያ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ላይ ከቦታና ከቀን ጋር ያኑሩ፤ ከተለያየ አገር ያሉ አዋቂዎች አይተው ሐሳብ ይሰጣሉ። መተግበሪያው በራሱ የሚሰጠውን ስም ግን እንዳለ አይቀበሉ፤ ከአውሮፓ ፎቶ ጋር እያመሳሰለ እዚህ የማትኖርን ዝርያ ሊነግርዎት ይችላል። ቫኔሳ ካርዱይ ከሆነች ስሙ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እሷ በትውልድ ቅብብል ሰሐራን አቋርጣ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል የምትመላለስ ስለሆነች እዚህም እዚያም አለች።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

በራስዎ ግቢ አባጨጓሬ ለማሳደግ ማንም አይጠይቅዎትም። በሰው ማሳ ባለቤቱን፣ በመንግሥት ደን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። እንደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ባለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ምንም አይያዝም። ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን ማግኘትና መጠቀምን) የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የውጭ ሰብሳቢ «በፖስታ ላክልኝ፣ እከፍልሃለሁ» ቢልዎት እምቢ ይበሉ።

ስብስቤ በዛ። ለማን ልስጠው?

መለያው የተሟላ ከሆነ አዲስ አበባ አራት ኪሎ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወይም እዚሁ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል አስቀድመው ያነጋግሩ። መለያ የሌላቸውን ለይተው ለትምህርት ቤት ይስጡ፤ ለማስተማሪያ ይሆናሉ። ደብተርዎን ከሣጥኑ ጋር ያስረክቡ፣ ከዚያ በፊት ግን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ቅጂ ያስቀሩ። ሣጥኑን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አያስጭኑ፤ ጭንዎ ላይ ይዘውት ይጓዙ።